ስንት ገባ? ስንት ደረሰ?

ጨርሶ የሞተ ማሽን ጠጋኝን አያስመርርም። ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ወይ ትራንስፎርመሩ ከስሏል፣ ወይ ገመዱ ተበጥሷል፤ ፈልጎ ማግኘቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስመርረው አንዳንዴ የሚሠራው ነው። ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ይነጫነጫል። ባለሙያ ሲመጣ ጨዋ ይሆናል፣ ባለሙያው በሩን ዘግቶ ሲወጣ ይቆማል። ጎኑን በመዳፍ ሲመቱት ይነሳል። ባለቤቱ «አሁን እኮ ጠፍቶ ነበር» እያለ ሲምል የሚሰማው ሰው ፈገግ ይላል።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ነው። ምሳሌዬ የድሮ የጌም ማሽን ነው፤ ቁመቱ ከሰው የሚስተካከል፣ ግንባሩ ላይ ስሙ በመብራት የደመቀ፣ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት የእንጨት ሣጥን። የአገር ጉዳይ በሚነበብበት ቻናል ላይ ጌም ምን ይሠራል የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ፤ ወሬው ምጣዳችሁና ቆጣሪያችሁ ድረስ ይመጣል።

በዚህ ሙያ ከሚነገሩት ታሪኮች እኔ የምወደው ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው አዲስ ኩባንያ ፖንግ የተሰኘውን ጨዋታ ናሙና ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንዲ ካፕስ በሚባል መጠጥ ቤት አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» የሚል ስልክ ተደወለ። ጨዋታውን የሠራው መሐንዲስ አለን አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የጨዋታው ወረዳ ምንም አልሆነም። የሳንቲም ማጠራቀሚያው ሞልቶ መትረፍረፉ ነበር ማሽኑን ያቆመው። ሁሉም ሰው የተጠራጠረው «አንጎሉን» ነው፤ ችግሩ ግን ሳንቲሙ ከሰው እጅ ወደ ማሽኑ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል። የድሮ ማሽን የሚጠግኑ ሰዎች ዛሬም የሚሰጧችሁ ምክር ከዚያው አይርቅም፦ ውዱን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት መተላለፊያውን እዩ።

የኋላውን በር ከፍታችሁ ብታዩት ውስጡ ሰፊ ባዶ ቤት ነው። ከታች ፓወር ሰፕላይ አለ፣ ከጎን የጌሙ ቦርድ፣ ከፊት የድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ፣ ከዚያ ጆይስቲኮችና የመጫኛ ቁልፎች፣ የሳንቲም በር፣ ድምፅ ማጉያ። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዘው አንድ ጉንጉን ሽቦ ነው። ልብ በሉ፤ ቦርዱ የሠሪው ስም አለበት። ስክሪኑም ሠሪ አለው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚችለው አምፔር ተጽፏል። ሽቦውና መጋጠሚያው ላይ ግን የማንም ስም የለም። ሲበላሽ «የእኔ ነው» የሚል አይገኝም፤ ስለዚህ ማንም አይመለከተውም።

ለዚህ ጉንጉን ሥርዓት ያበጀለት የጃፓን የጌም ማሽን አምራቾች ማኅበር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ የሽቦ አሰላለፍ ነበረውና፣ ጌም ለመቀየር የፈለገ የማሽን ባለቤት ሽቦውን እንደገና መዘርጋት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1985 ማኅበሩ በራሱ ምህጻረ ቃል ጃማ የሚባለውን የጋራ መጋጠሚያ አወጣ። 56 እግሮች አሉት፤ 28ቱ በቦርዱ አንድ ገጽ፣ 28ቱ በሌላው። የትኛው እግር ኤሌክትሪክ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ቀለም፣ የትኛው የቁልፍ ምልክት እንደሚወስድ አስቀድሞ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ጌም መቀየር አንዱን ቦርድ ነቅሎ ሌላውን መሰካት ብቻ ሆነ። ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቦርድ በተነቀለና በተሰካ ቁጥር የመጋጠሚያው ምላሶች ትንሽ ትንሽ ይላላሉ። ለመቀያየር እንዲመች የተሠራው ነገር ራሱ በመቀያየር ያልቃል።

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልምጣ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚህን ማሽኖች መጠገን ከጀመርኩ ዓመታት ሆነዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ካፌ ያላቸው አባት ደወሉልኝ። ካፌውን ከቀድሞው ባለቤት ሲገዙ ማሽኑም አብሮ ነው የመጣው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ የሚጫወትበት። ወላጆች ቡናቸውን ሲጠጡ ልጆቹ እሱ ላይ ናቸው። «የኔዎቹ እንግሊዝኛ ሳይለምዱ እዚህ ማሽን ላይ ነው ጓደኛ ያፈሩት» አሉኝ።

ማሽኑ ግን ከተበራ ከ20 እና ከ30 ደቂቃ በኋላ በጨዋታው መሃል ድርግም ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሁለተኛው ተጫዋች ቁልፎች በሙሉ ይሞታሉ፣ በማግስቱ ይነሳሉ። ከእኔ በፊት ጠጋኞች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ፓወር ሰፕላዩን ቀየረ፤ ሁለት ሳምንት ሠራ። ሌላው የጌሙን ቦርድ አውጥቶ ተመሳሳዩን ተካ፤ ሦስት ሳምንት ሠራ። የመጨረሻው ያቀረበው ሐሳብ ሣጥኑን ብቻ አስቀርቶ ውስጡን ጠርጎ መጣል፣ በምትኩ ጠፍጣፋ ስክሪንና ብዙ ጌም የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ማስገባት ነበር።

«ጋሼ፣ ከመጣሉ በፊት አንድ ቅዳሜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ቀያይሮት ያልዳነ ነገር አንተ ምን ልትቀይርለት ነው?»

«ዛሬ ምንም አልቀይርም። እለካለሁ።»

በዚያ ዘመን ቦርድ ላይ ያሉት ቺፖች የሚሠሩት በ5 ቮልት ነው። አብዛኞቹ የተሰናዱት ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ጠባብ መስመር ውስጥ እንዲኖሩ ነው። ቮልቱ ከዚያ ሲወርድ ቺፑ አይሞትም፤ ይቃዣል። አንዱ ቁጥር ሌላ መስሎ ይታየዋል፣ ሥዕሉ ይዘበራረቃል፣ ወይም ቦርዱ ላይ ያለው ጠባቂ ወረዳ ሁሉንም አቋርጦ «እንደገና» ይላል። ማሽኑ አብዷል የምንለው ብዙ ጊዜ ተርቦ ነው።

መልቲሜትሬን ፓወር ሰፕላዩ መውጫ ላይ አደረግሁ፤ 5.42 ቮልት። ያንኑ 5 ቮልት ቦርዱ ላይ፣ ቺፖቹ አጠገብ ለካሁት፤ 4.78። ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲጫወቱበት አደረግንና ሣጥኑ ሲሞቅ እንደገና ለካሁ። መውጫው ላይ ያው 5.42 ነው። ቦርዱ ላይ 4.58 ሆኗል። ከአንድ ክንድ የማይበልጥ መንገድ ላይ 0.84 ቮልት ጠፍቷል። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጤነኛ ነበር። አዲሱ ቦርድም ጤነኛ ነበር። ቀድሞ የተጣሉት አሮጌዎቹም ጤነኛ ነበሩ ብዬ እገምታለሁ።

ይህ 0.84 ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ላስረዳ። ሽቦም ሆነ መጋጠሚያ ለሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ጥቂት እምቢታ ያሳያል፤ ይህን እምቢታ ሬዚስታንስ እንለዋለን፣ በኦም ይለካል። የእኛ ቦርድ የሚጎትተው 4 አምፔር ገደማ ነው። 0.84ን ለ4 ስናካፍል 0.21 ኦም ይመጣል። ኢምንት ይመስላል፤ ግን በ5 ቮልት ዓለም ውስጥ ኢምንት አይደለም። ሌላም አለ። የጠፋው ቮልት በሚያልፈው አምፔር ሲባዛ ከ3 ዋት በላይ ሙቀት ነው፤ ይህ ሙቀት የሚወጣው አውራ ጣት ከሚያክሉ ጥቂት ፕላስቲክና ብረቶች ውስጥ ነው። የሞቀ ብረት ይዝጋል፣ የዛገ ብረት እምቢታው ይጨምራል፣ እምቢታው የጨመረ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚጀምረው ችግር ምስጢሩ ይኸው ነበር።

«ሽቦውን እኮ ቀድሞ የመጣውም ፈትሾታል፣ ጥዝዝ ይላል» አሉኝ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። መልቲሜትር ሽቦ አለመበጠሱን በድምፅ የሚነግርበት ቦታ አለው። ግን ያ ድምፅ የሚወጣው መሣሪያው እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ሲመለስለት ነው። ሽቦው ውስጥ ካሉት 16 ቀጫጭን ክሮች 15ቱ ተበጥሰው አንዱ ብቻ ቢቀር እንኳ ጥዝ ይላል። ሰው እንጂ ሸክም የማያልፍበት ድልድይ ላይ በእግር ተሻግሮ «ድልድዩ ደህና ነው» እንደማለት ነው። መጋጠሚያ የሚመረመረው ሸክም ተሸክሞ ሳለ ነው። ማሽኑ በርቶ፣ ሞቆ፣ እየተጫወቱበት፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከምንጩ ላይ ተክሎ በሌላው ሽቦውን እየተከተሉ መሄድ፤ ቮልቱ የት ላይ እንደሚወድቅ ማየት። ወድቆ የተገኘበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። ክርክር የለውም።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሥራ ያልተማረ ሰው እንዳይሞክረው። የስክሪኑ ቱቦ ሲሠራ 20 ሺህ ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ውስጥ ክፉኛ የሚመታ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። እኔም ወደዚያ እጄን ሳልሰድ ነው የሠራሁት፤ ብቻዬንም አልነበርኩም።

ስከተል ቮልቱ በሦስት ቦታ ሲወድቅ አገኘሁት። አንደኛው 56 እግር ያለው መጋጠሚያ ላይ ነው። ምላሶቹ ልለው፣ በላያቸው ያለው ቆርቆሮ ጠቁሯል። ማሽኑ ሲመታ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ብረቶች ዓይን በማያየው መጠን ይፋተጋሉ፤ በተፋተጉ ቁጥር አዲስ የዝገት ዱቄት መሃላቸው ይነጠፋል። ሁለተኛው የሽቦው መሃል ላይ ነው፤ በአንድ ወቅት ተቆርጦ በእጅ ተጠማዝዞ ናስትሮ የተጠቀለለበት ቦታ። ናስትሮውን ስልጠው ሙጫው ተንጠባጥቦ ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል። ሦስተኛው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ላይ፣ መመለሻው መስመር ማለትም ግራውንዱ በብሎን የታሰረበት ቦታ ነው። ያሰረው ሰው ለጥንካሬ ብሎ የሽቦውን ጫፍ በሶልደር ነክሮታል። ሶልደር ለስላሳ ነው፤ በብሎን ሲጨመቅ በጊዜ ብዛት ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑም ሳይፈታ ይላላል። በቅን ልቦና የተሠራ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ጃማ ለ5 ቮልት ብቻ 4 እግሮች፣ ለግራውንድ ደግሞ 8 እግሮች መድቧል። ያን ያህል የመደበው በከንቱ አይደለም፤ ሸክሙ እንዲከፋፈል ነው። እዚህ ማሽን ላይ ሽቦ የተገጠመለት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር። ወረቀቱ አራት ተሸካሚ ይላል፣ ተሸክሞ የቆመው ግን አንድ ነው። እሱም ጠቁሮ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ ለምን 5.42 ላይ እንደነበረም ልንገራችሁ። እነዚህ ሰፕላዮች ቮልቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግ ትንሽ የማስተካከያ ብሎን አላቸው። ቀድሞ የሞከረ ሰው ቦርዱ ላይ ቮልት ማነሱን አይቶ ብሎኗን ወደ ላይ አዙሯታል። ሠርቷልም፤ ለጊዜው። ግን ምንጩ ላይ ግፊት ስትጨምሩ የተበላሸው መጋጠሚያ አይጠገንም። ይብስ ይሞቃል፤ ነገ የሚያስፈልገው ቮልት ከዛሬው ይበልጣል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ያ መጋጠሚያ በአጋጣሚ ደህና ቢገናኝ፣ ያ የተጨመረው ቮልት ሁሉ ሳይቀነስ ቺፖቹ ላይ ያርፋል። በመጋጠሚያ ችግር ተጀምሮ በእውነተኛ የቦርድ ሞት የሚያልቀው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ «ብዬ ነበር፣ ቦርዱ ነው» የሚል አይጠፋም።

ጥገናው ከምርመራው አጠረ። አዲስ ባለ 56 እግር መጋጠሚያ ገጠምኩ፤ ለ5 ቮልት አራቱንም፣ ለግራውንድ ስምንቱንም እግሮች በየራሳቸው ሽቦ። የተጠማዘዘውን ሽቦ አውጥቼ ሙሉ ሽቦ ዘረጋሁ። የብሎን ማሰሪያዎቹን ሶልደር የነካውን ጫፍ ቆርጬ በትክክለኛ ፒንሳ የተጨመቀ ቀለበት አደረግሁላቸው። የቦርዱን ጠርዝ በአልኮልና በነጭ ላጲስ ጠረግሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ከዝገቱ ጋር መከላከያ ሽፋኑም ይሄዳል። ከዚያ የማስተካከያዋን ብሎን ወደ ታች መለስኳት። መውጫው ላይ 5.10፣ ቦርዱ ላይ 5.02። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላም ያው 5.02። የሁሉም ዕቃ ዋጋ ተደምሮ 30 ዶላር አልሞላም።

የሁለተኛው ተጫዋች ቁልፎች ምስጢርም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ የምልክት ሽቦ አለው፤ የግራውንዱ ሽቦ ግን አንድ ሆኖ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ እየዘለለ ይሄዳል። በሰንሰለቱ መሃል አንዷ ማያያዣ ስትላላ ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። ቀድሞ የመጣው ሰው ስድስት ቁልፍ ሊቀይር ነበር። አንድም ቁልፍ አልተበላሸም። የላላችውን ማያያዣ አጥብቄ፣ የሰንሰለቱን መጨረሻ መልሼ ከመነሻው ጋር አገናኘሁት፤ ከእንግዲህ በአንድ በኩል ቢበጠስ በሌላው በኩል ይደርሳል።

እስካሁን ያላነሳሁት ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞዎቹ ጠጋኞች የቀየሩት ዕቃ ጤነኛ ከነበረ፣ ማሽኑ ከየቅያሬው በኋላ ለምን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሠራ? መልሱ ቀላል ነው። ቦርድ ለመቀየር መጋጠሚያውን መንቀልና መልሶ መሰካት ግድ ነው። ሲነቀልና ሲሰካ ምላሶቹ ተፋቅረው ዝገቱን ይጠርጉታል። ፓወር ሰፕላይ ለመቀየር ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ እንደገናም ይጠብቃሉ። ፈውሱ የመጣው ከመንቀሉና ከመሰካቱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን አዲሱ ዕቃ ነው። ዝገቱ ተመልሶ እስኪነጠፍ ያለው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ «ይኼኛውም አልረባም» ይባልና ቀጣዩ ዕቃ ይፈለጋል። ስህተቱ በማስረጃ የተደገፈ መሆኑ ነው ክፋቱ፤ ቀየርኩት፣ ሠራ። ማን ይከራከራል?

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «አዲስ አበባ የእህቴን ቤት ነው የነገርከኝ» አሉ። የምጣዷ ስፒና በየጊዜው ይቃጠላል። በተቃጠለ ቁጥር አዲስ ስፒና ይገዛል፤ ጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ቤቱ ይሸታል።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ብዙ አይኖርም፤ ስለዚህ ሒሳቡን እዚህም እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይጎትታል እንበል። በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ገደማ ነው። በስፒናውና በሶኬቱ መሃል ያ ኢምንት የምንለው 0.1 ኦም እምቢታ ቢኖር፣ 16 በ16 ተባዝቶ በ0.1 ሲባዛ ከ25 ዋት በላይ ሙቀት ይሆናል። እንደ ብየዳ ካውያ ያለ ሙቀት ነው፤ ግድግዳችሁ ውስጥ፣ መጋረጃችሁ አጠገብ። ስፒናውን መቀየር የማይረዳው ለዚህ ነው። የሶኬቱ ውስጥ ምላሶች ባለፈው ሙቀት ተለብልበው የመጨበጥ አቅማቸውን አጥተዋል። ልል ምላስ አዲሱንም ስፒና ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለው ስፒና ደግሞ ምላሱን ይብስ ያላላዋል። ሶኬቱም፣ ከኋላው ያለው የሽቦ ማሰሪያም መታየት አለባቸው። ጋሼ በዚያው ምሽት ለእህታቸው ደወሉ። ካፌው ውስጥ የተጠገነው ጌም ነው፤ እኔን ግን የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ያ ስልክ ነው።

ከሶኬቱ አልፈን ትንሽ ወደ ውጭ እንውጣ፤ ሕጉ ያው ነውና። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለው ቁጥር የሁላችንም አፍ ላይ ነበር። ደስታው የሚገባን ነው። ግን 5,150 ፓወር ሰፕላዩ ጫፍ ላይ የተነበበ ቁጥር ነው። ከዚያ እስከ ምጣዱ ድረስ ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ ላይ የተቋጠረ ሽቦ፣ ቆጣሪ፣ በመጨረሻም ያ የጠቆረ ሶኬት አለ። መብራታችን ሲርገበገብ ማወቅ ያለብን ግድቡ ላይ ስንት እንዳለ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ስንት እንደሚወድቅም ነው። ይህን የሚለካ ሰው ስሙ በምረቃ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። መጋጠሚያ አጥባቂን ማን ሪባን ያስቆርጠዋል?

የቢሮዎቻችንም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ መሥሪያ ቤት «አንዳንዴ» ሲሠራ የምናውቃቸው መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፤ ኃላፊውን መቀየር፣ አለዚያ በጀት መጨመር። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ ይስተካከላል፤ ሁሉም ሰው በሰዓቱ ይገባል፣ ፋይል ይንቀሳቀሳል። ያ የመንቀልና የመሰካት ፈውስ ነው። በጀት መጨመር ደግሞ ያቺን የማስተካከያ ብሎን ማዞር ነው። መድኃኒቱ ከማዕከላዊው መጋዘን ወጥቶ ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል? ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የት ላይ ቀነሰ? አራት ሰው ተመድቦበት አንድ ሰው ብቻ የተሸከመው ሥራ የትኛው ነው? ይህን ሳንጠይቅ ከላይ የጨመርነው ሁሉ መንገድ ላይ ሙቀት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በሐቅ መነገር አለበት። ዕቃ በእውነት ይሞታል። የድሮ ካፓሲተር ይደርቃል፣ ቺፕ ይቃጠላል፣ የስክሪን ቱቦ ይደክማል። እንደዚሁም ሥራውን የማይችል ወይም የሚሰርቅ ሰው አለ፤ መነሳትም አለበት። «ችግሩ አሠራሩ ነው» የሚለው ንግግርም የሌባ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። የእኔ ክርክር መቀየር ላይ አይደለም፤ ሳይለኩ መቀየር ላይ ነው። ልኬቱ ደግሞ ሁለቱንም ይዳኛል። ቦርዱ ላይ ሙሉ 5 ቮልት ደርሶ ጌሙ አሁንም ከቃዠ፣ ያኔ ቦርዱ ምንም ማምለጫ የለውም። የሚገባውን ሁሉ አግኝቶ ያልሠራን ሰውም መጠየቅ ቀላል ነው። መጀመሪያ ግን ደርሶት እንደሆነ ይታወቅ።

ለቤታችሁ የሚሆን ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ምጣድ ወይም ምድጃ ተጠቅማችሁ ካጠፋችሁ በኋላ ስፒናውን ንቀሉና ፕላስቲኩን በእጃችሁ ዳብሱት። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ግን ስፒናውን ብቻ ቀይራችሁ አትለፉት። ባለሙያ ጥሩ፣ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይውረድ፣ ሶኬቱ ይከፈት፣ የኋላው ማሰሪያ ይታይ። በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድና ምድጃ አብራችሁ አትሰኩ። ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ካለ፣ እሳት በቀጠሮ ላይ ነው።

ባለሙያ መጥቶ «ቀይሬዋለሁ» ሲላችሁ ደግሞ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ስንት ገባ? ስንት ደረሰ? ሁለቱን ቁጥር ከነገራችሁ ገንዘቡን በደስታ ክፈሉት። ካልነገራችሁ ግን ገና አልጠገነም። ከቤት ቆጣሪ እስከ ምክር ቤት ወንበር ድረስ፣ ማንም በኃላፊነት የተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ሊሰለቸው አይገባም።

ቸር እንሰንብት።